የቄስ ጥዑመልሳን አራተኛ ቤተ ክርስቲያን

ባሌን ቄስ ጥዑመልሳንን በሰው ፊት «አንቱ» ነው የምላቸው፤ ወጉ ነው። እዚህ ግን ሚስቱ ነኝና፣ ሠላሳ ዓመት ከልብሱ ላይ ሲሚንቶ ያራገፍኩ ነኝና፣ «እሱ» እያልኩ ነው የማወራው። ቅር የሚለው ካለ ከአሁኑ ይነሳ። ስሜ የኔነሽ ነው። ስለ ሥራው ስለጠየቃችሁኝ ሥራውን እነግራችኋለሁ። እኔ ግን ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሌን በሕይወቱ ከካርቱም ይዤው መውጣት።

ጥዑመልሳን የበለሳ ሰው ነው። ገና ጢሙ ሳይገጥም፣ ዲያቆን ሆኖ፣ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ገዳሪፍ ሰሊጥ ሲያጭድ ከረመና ካርቱም መጥቶ ሐይደር የሚባል ሱዳናዊ ግንበኛ ዘንድ ተቀጠረ። ሐይደር ያኔ ራሱም ጀማሪ ነው፤ የራሱን ሠራተኞች ይዞ ሙቃዊል፣ ማለት ሥራ ተቋራጭ የሆነው በኋላ ነው። ባሌን በባዶ እግሩ አሸዋና ሲሚንቶ አስረገጠው፣ ጡብ አሸከመው፣ ቱንቢ መጣልና ውሃ ልክ ማየት አስተማረው። አንዱ በረመዳን ይጾማል፣ አንዱ በሁዳዴ። ተራ በተራ ምላሳቸው እየደረቀ መወጣጫው ላይ ሲነታረኩ ይውላሉ፤ ማታ አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ ባሌ አገር ቤት ተመልሶ እኔን በተክሊል አገባኝ፣ ቅስናውን ተቀበለ፣ ይዞኝ መጣ። እኔ ካፉሪ ሰፈር አንዲት ባለጸጋ ቤት ምግብ አብሳይ ሆንኩ። እሱ በሳምንቱ ግንበኛ፣ እሑድ ቄስ።

ቤተ ክርስቲያን መሥራት ማን አስተማረው ብትሉኝ፣ ማንም። ልጅ ሆኖ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ዓይኑ ጣራው ላይ ነበር አሉ፤ ማገር ሲቆጥር የቅዳሴውን ተሰጥኦ መመለስ ይረሳና የኔታ በአርጩሜ ያስታውሱታል። የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን ገዳሪፍ በጭቃና በቆርቆሮ ሠራ። ሁለተኛውን ካርቱም አርካዊት ሰፈር፣ ኪራይ አዳራሽ ውስጥ፣ መቅደሱን ብቻ ከፍሎ አቆመ። ሦስተኛው በሰፈራችን በካላክላ ያለው ኪዳነ ምሕረት ነው፤ እሱ የራሱ ነው፣ ከመሠረቱ እስከ ጣራው።

ሐይደር ከዘመዱ ያገኘልን ሰፊ ግቢ ነበር። «ኸሪጣው የታለ?» አለው፣ ፕላኑ ማለቱ ነው። ባሌ ጭንቅላቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ሐይደር «አንተ ሰው፣ ቤት ነው ጸሎት ነው የምንሠራው?» ብሎ ጮኸ። ባሌ ግን ግቢው መሃል ምስማር ተከለ፣ ገመድ አሰረበት፣ በከሰል ክብ አሰመረ። እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ውጪው አራት ማዕዘን ነው፣ ያዩት ሁሉ የሲሚንቶ መኸዘን፣ መጋዘን፣ ነው የሚመስላቸው። ውስጡ ክብ ነው፤ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ቅድስቱ፣ መቅደሱ፣ ሁሉም በቦታው። ከቆርቆሮው በታች ደግሞ ጉልላት ሠራ፣ ከደጅ የማይታይ ጉልላት! «ለማን ብለህ ነው?» ብዬ ጨቀጨቅሁት። «አላዩትም ተብሎ ሳይሠራ ይቀራል?» አለኝና ወደ ልስኑ ተመለሰ። የመቅደሱን ግድግዳ ሦስት ጊዜ አፍርሶታል፤ ከምሥራቅ ሁለት ጣት ስቷል ብሎ። የእኔ ኩሽና ግድግዳ ግን እንዳዘመመ ነው፣ እሱን የሚያየው የለም።

ታቦቱ የገባ ቀን ሐይደር በር ላይ ጫማውን አውልቆ ቆመ። ማንም አልከለከለውም፣ ራሱ ነው የቆመው። «ጣራውን ያለበስኩት እኔ፣ ዛሬ ደጅ የምቀር እኔ» እያለ ይስቃል። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ግን ልንገረው። ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ታቦቱ ነው። እሱ ከሌለ የባሌ ክብ ሁሉ ያው መኸዘን ነው። ካህን ካልሆነ አይነካውም፣ መጎናጸፊያው ተገልጦ አይታይም። እኔ ሠላሳ ዓመት መጋረጃውን አጥቤ ተኩሼ ሰጥቼ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን አንድ ቀን አላየሁም። ማየትም አልፈልግም፤ እፈራለሁ።

ጦርነቱ የጀመረው በ2015 ቀዳም ሥዑር፣ ጠዋት ነው። ከነጭ አባይ ዳር የታጨደውን ቄጤማ ሰው ገና ግንባሩ ላይ እያሰረ ሳለ ሰማዩ ተናጋ። ነጎድጓድ መሰለን። ቀጥሎ መስኮቱ ረገፈ። ስልሳ የምንሆን ሰዎች የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ተደፋን፤ ልጅ ያለው ልጁ ላይ፣ የሌለው መሬቱ ላይ። ባሌን ባየው ቆሞ አንጋጧል። «ተኛ እንጂ፣ ምን ታያለህ?» አልኩት። «ስንጥቅ እንዳለ ልይ» አይለኝም? በስመ አብ! እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ እሱ ልስን ይመረምራል።

ከዚያ በኋላ ስላለው ብዙ ባላወራ ደስ ይለኛል። ውሃ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ። ታጣቂዎች ካላክላ ገቡና ቤት ለቤት «ደሀብ፣ ደሀብ» ማለት ጀመሩ፤ ወርቅ አምጡ ነው። ከጎናችን ያሉትን ባልና ሚስት ግድግዳ አፍርሰው ገቡባቸው፤ የሴትየዋን ጩኸት ትራስ ጆሮዬ ላይ ይዤ ሰማሁት። ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። ቅዳሴ በአምስት ልዑካን ነው፤ አንዱ ዲያቆን ሄደ፣ ሁለተኛው ሄደ፣ ሦስተኛው ሄደ፣ ረዳት ቄሱ በፖርት ሱዳን በኩል ወጡ። ባሌ ብቻውን ቀረ፣ ቅዳሴው ቆመ። አንድ ቀን ደግሞ ሰፈር ውስጥ «ሐበሾቹ ወርቃቸውን ከመጋረጃው ጀርባ ደብቀዋል» የሚል ወሬ ተነሳ። ይህን የሰማሁ ቀን ከውሃ ወረፋው ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

«እንሂድ» አልኩት። «ታቦት ትቼ? ሞቼ እገኛለሁ» አለ። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ ሰደብኩ። ምንም የለም። ሐይደር ቤተሰቡን አስቀድሞ ወደ መደኒ ከተማ ሸኝቶ ቦክሲውን፣ ከኋላ ክፍት የሆነችውን መኪናውን፣ ይዞ መጣ። «ነገ ጠዋት ነው የምወጣው፤ ያላ፣ ተነሱ» አለን። ያኔ ነው መላው የመጣልኝ። «ታቦቱ ከወጣ አንተም ትወጣለህ?» አልኩት።  መተኛቱን አላውቅም፣ ሌሊቱን ሲጸልይ ነው የሰማሁት። ጠዋት «እሺ» አለ። ጥምጣሙን ትቶ ጀላቢያ ለበሰ፣ መስቀሉን ውስጥ ደበቀ። እንደ ወጉ በራሱ ላይ እንዳይሸከመው ለምኜ ደረቱ ላይ ለማቀፍም እሺ አለኝ። ሁለት ነገር ግን አልለወጥም አለ፤ ታቦት ይዤ ከሰው ጋር አላወራም፣ ታቦት ይዤ ጫማ አላደርግም። ሌላው ቄስ ያደርግ ይሆናል፤ የእኔ ባል አያደርግም።

«ኧረ አስፋልቱ ይጠብሰሃል!» ብል፣ አሁን ታቦቱን ይዟልና መልስ የለም። ባዶ እግሩን ቦክሲው ውስጥ ገባ። እኔ ፍርሃቴ የእግሩ መቃጠል ነበር፤ ሌላ ነገር አልታየኝም። ሐይደርም አልታየውም፤ ባሌን በባዶ እግሩ ማየት ለምዷል።

የመጀመሪያው ተፍቲሽ፣ የፍተሻ ኬላው ላይ፣ የሐይደርን ስልክ ወስደው አሳለፉን። ሁለተኛው ጋ እጃቸውን አወዛወዙና አለፍን። ሦስተኛው፣ ከካላክላ መውጫ በስተደቡብ፣ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር ነው። «ሁላችሁም ውረዱ!» አሉን። ወረድን። አራት ሆነው አንዱ ጺሙ የሸበተ ነው፤ አዛዡ እሱ ይመስላል። ሐይደርን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ባሌን ከላይ እስከ ታች አየውና ዓይኑ እግሩ ላይ ቆመ።

«ቡትህን የት ጣልከው?» አለው።

 ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እነዚህ የሚዋጉት የመንግሥት ወታደር ሲሸሽ ዩኒፎርሙን አውልቆ ጀላቢያ ይለብሳል፣ ቡቱንም ይጥላል። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አስፋልት፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ ጤነኛ ሰው ማን አለ? ጫማውን የጣለ ወታደር ብቻ።

ባሌ ዝም። ሐይደር «ወላሂ ግንበኛ ነው፣ የእኔ ሠራተኛ ነው፣ ሐበሻ ነው» ማለት ሲጀምር «አንተን አልጠየቅሁም» አለው ሰውዬው። ወደ ባሌ ዞሮ «የያዝከውን መሬት አስቀምጥና እጅህን አንሳ» አለ። ታቦት መሬት አይቀመጥም። ባሌ ይበልጥ አጥብቆ አቀፈው። «አስቀምጥ!» ጠብመንጃው ቀጭ አለ።

እኔ ፈሪ ነኝ፣ ነግሬያችኋለሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ። «ስጠኝ!» ብዬ ፊቱ ቆምኩ። ዓይኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ባሌ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁት። እጁን ዘረጋና ሰጠኝ። እኔ፣ ሴት፣ ያልተቀባሁ፣ ቁርስ በልቼ የመጣሁ! ተቀበልኩት። እሳት ይወርድብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከፊቴ ጠብመንጃ፣ ከላይ እግዜር። የትኛውን የበለጠ እንደፈራሁ አሁንም አላውቅም።

ባሌን መንገድ ዳር ያለ የፈረሰ የጡብ አጥር አስደግፈው ፈተሹት። ትከሻውን ገልጠው የጠብመንጃ ማንገቻ ምልክት ፈለጉ። እግሩን አስነስተው ውስጡን አዩት። ለካ የወታደር እግር ቡት ውስጥ ነጥቶ ለስልሶ ነው የሚገኘው። የባሌ እግር ተረከዙ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጠቀ፣ ጣቶቹ መሃል ኖራ የበላው፣ ጥፍሩ በጡብ የጠፋ ነው። ጺሙ የሸበተው ሰውዬ አንድ ጊዜ በጣቱ ነካውና «በና ነው» አለ፣ ግንበኛ ነው ማለቱ ነው። ተነፈስኩ። ትንፋሼን ሳልጨርስ ወደ እኔ መጣ።

«ይሄስ ምንድነው? ኢፍተሒ፤ ክፈቺው።»

ካልከፈትኩ ይከፍተዋል። ከተከፈተ ባሌ ዘሎ ይመጣል፣ ይገድሉታል። ይህንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር፣ ሁለት ክንዴ ላይ። እኔ የኔነሽ፣ በሕይወቴ ወልጄ የማላውቅ ሴት፣ አፌን ስከፍት ምን እንደምል አላወቅሁም ነበር።

«የልጄ ልጅ ነው» አልኩት። «የአራት ቀን ነው። ዛሬ ጠዋት ሞተብን።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። «ላ ሐውላ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» አለና ወደ ኋላ ሸሸ። ጓደኞቹም ጠብመንጃቸውን ዝቅ አደረጉ። ማለፋችን ነው ብዬ እግሬን አነሳሁ። ሰውዬው ግን ራሱን እየነቀነቀ «የት ነው የምትወስዱት?» አለኝ። «መደኒ፤ ዘመዶቻችን ጋ እንቀብረዋለን።» «በዚህ ሙቀት? እስከ መደኒ? ሬሳ አይጉላላም፣ ሐራም ነው» አለና ለሰዎቹ «አካፋ አምጡ» ብሎ ጮኸ። ከዛፉ ሥር ሊያስቆፍርልን ነው። ለእኛ አዝኖ! እግዜር ያሳያችሁ፣ ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሐይደርን አየሁት፤ ላብ አጥምቆታል። ታቦቱ መሆኑን ያውቃል። አይሆንም ብንል «ለምን?» ይሉናል፣ ይከፍቱታል። ያን ጊዜ ባሌ አፉን ከፈተ። ታቦቱን እኔ ስለያዝኩት መናገር ይችላል። በዓረብኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እቆፍራለሁ። ጡብ ስጡኝ» አለ።

አካፋውን ተቀብሎ ቆፈረ። ታጣቂዎቹ ወደ መካ አቅጣጫ ሲያመለክቱት እሱ ፀሐዩን አይቶ ጉድጓዱን ወደ ምሥራቅ አዞረው። «ቂብላው ወዲህ ነው» ሲሉት ሐይደር «መሲሒ ናቸው፣ እንደ ሃይማኖታቸው ይቅበሩ» አለ። በክንዱ ለካ፤ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ጥልቀቱን። ከፈረሰው አጥር የለቀሙለትን ጡብ እያንኳኳ መረጠ፣ የተሰነጠቀውን መለሰ። ወለል አነጠፈ፣ ግድግዳ አቆመ፣ መሃሉ ላይ ሦስት ጡብ አስቀምጦ መንበር አደረገው። አንዱን ጎን አፈረሰና እንደገና ሠራው።  ሁለት ጣት ስቶ ይሆናል። እዚያ፣ ጠብመንጃ ሥር፣ አፈረሰ! እኔ አቅፌ ቆሜያለሁ።

ከታጣቂዎቹ አንዱ «ለአራት ቀን ሕፃን ይህ ሁሉ ምንድነው?» አለ። ጥርጣሬ ድምፁ ውስጥ ገባ። ሐይደር ፈጠን ብሎ «አያቱ ነው፣ ሥራው ደግሞ ይኸው ነው። ምን ሌላ ሊሰጠው ይችላል?» አለው። ጺሙ የሸበተው «ተወው» አለ። «እኔም እንዲህ ያለች ቀብሬያለሁ።» 

ባሌ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ጎንበስ ብዬ ሰጠሁት። መንበሩ ላይ አኖረው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንደሚደግም እኔ አውቃለሁ፣ እነሱ ለሕፃኑ መሰላቸው። ከዚያ ጡቡን እያንዳንዱን ትንሽ ወደ ውስጥ እያዘነበለ ደረደረው፤ ጫፉ ላይ ገጠመና ክብ ሆኖ ተዘጋ። ጭቃ የለ፣ ሲሚንቶ የለ፣ ቆመ። አፈር አለበስነው። ታጣቂዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ፋቲሐ የሚሉትን ጸሎታቸውን ደገሙ። አልተነካም፣ አልታየም። ባሌ አራተኛውን ቤተ ክርስቲያን ሠራ፤ ከጉልበት የማይበልጥ፣ መንገድ ዳር።

«ያላ፣ ሂዱ፤ መንገዱ ክፍት ነው» አለን ጺሙ የሸበተው። ሐይደር ሞተሩን አስነሳ። እኔ ባሌን ክንዱን ያዝኩት። ዳንን ብዬ፣ አለቀ ብዬ። ባሌ ከኒሙ ሥር ተቀመጠ።

«ተነስ!»

«ወዴት የኔነሽ? ታቦቱ እዚህ ነው።»

 ጆሮው ላይ ተለጥፌ፣ እንዳይሰሙን በሹክሹክታ፣ በአማርኛ፣ ያለኝን ሁሉ ጨረስኩበት። ሁለታችንም እንሞታለን አልኩት። ነገ እነዚህ ተለውጠው ሌሎች ይመጣሉ አልኩት። አልሰማኝም። መጨረሻ ላይ የቀረችኝን አንዷን አወጣሁ። አፌ ሊላት አልፈለገም፤ ባሌን ለማዳን ግን አልኳት። «አሁን እኮ ታቦት አይደለም። እኔ ነክቼዋለሁ። ሴት፣ ያውም በልቼ። ክብሩ ተነሥቷል፣ እንጨት ነው። ተወውና እንሂድ፣ አፈር ስሆን።»

አፈሩን በመዳፉ ደለደለው።

«ሠላሳ ዓመት ታቦት ተሸክሜያለሁ» አለኝ። «እንዳንቺ አቅፌው ግን አላውቅም። ረከሰ አትበይኝ።»

ቅድም ሕፃን ነው ብዬ የዋሸሁት አሁን እውነት ሆነብኝ።  ወደ ቦክሲው ሄጄ ለሐይደር «አንተ ሂድ» አልኩት። ሐይደር መሪውን በቡጢ መታና ፊቱን ሸፈነ። ተመልሼ ከባሌ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩና እሪ ብዬ አለቀስኩ። ጺሙ የሸበተው ሰውዬ ለልጅ ልጄ የማለቅስ መስሎት መጣና ውሃ ሰጠኝ፤ «አላህ ያጽናሽ» አለኝ።

እኔ የማለቅሰው ለዚያ ለጎኔ ለተቀመጠው ነበር። ልቅሶዬን ሳልጨርስ ቦክሲው ያለ እኛ ሄደ።